በቅሎ በዓሣ

ዓሣ ስበላ ያየኝ ሰው የለም፤ ወደፊትም አያየኝም። ልጆቼ «አባባ፣ ለጤና ጥሩ ነው» እያሉ ሲጨቀጭቁኝ፣ ጤና ከሆነ ጎመን አለ እላቸዋለሁ። የኔና የዓሣ ጠብ የቆየ ነው። ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም፣ በዓሣ ምክንያት ሚስቴን ላጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ዓሣውስ ምን በደለ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር፣ የአማቴም ነበር፣ ጥቂት ጥቂት ደግሞ የጣሊያኑ።

ነገሩ የተጀመረው በበቅሎ ነው። ያኔ ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። የምንኖረው ከደብረ ታቦር በላይ፣ ጉና እግር ሥር፣ ከገብስ ሌላ ብዙም በማይበቅልበት ደጋ ነው። የሚስቴ አባት ቤት ከኛ አንድ ኮረብታ አልፎ ነበር። አማቴ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ሰው ነበሩ፤ ያችንም አጭር ንግግራቸውን የሚያጠፉት በበቅሏቸው ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን እያሻሹ «እንዴት አደርሽ» ሲሏት በዓይኔ አይቻለሁ። እኔን አንድ ቀን እንዴት አደርህ ብለውኝ አያውቁም። በቅሎዋ ዳማ ነበረች፤ ሰጋር፤ የተቀመጠባት ሰው ጠላ በዋንጫ ይዞ ቢሄድ አንድ ጠብታ አይፈስበትም ይባልላት ነበር።

እኔ ደግሞ ጎረምሳ ነኝ፣ ሙሽራ ነኝ፣ ጉራ አለብኝ። የደብረ ታቦርን ገበያ በዚያች በቅሎ ላይ ሆኜ ለማየት አማረኝ። እውነቱን ለመናገር ገበያው እኔን እንዲያየኝ ነው። አማቴ ሦስት ቀን አስለመኑኝና በአራተኛው «ሳይመሽ መልሳት» ብለው ሰጡኝ። ከገበያው ጫፍ እንደደረስኩ ሁለት የጣሊያን ወታደሮች ልጓሟን ያዙ። ለካ በዚያ ሰሞን የጭነት በቅሎ እየተሰበሰበ ኖሯል። አስተዋይ ሁሉ በቅሎውን ሸሽጎ ቤቱ ሲቀመጥ እኔ ነጭ ለብሼ፣ አጊጬ፣ ተጫምቼ በእግሬ ሄጄ፣ ማለቴ በእግሯ ሄጄ፣ አስረከብኳቸው። ኮርቻውን እንኳ አልመለሱልኝም።

አማቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቤቴ ገቡና ልጃቸውን «ተነሽ» አሏት፤ እኔን «በቅሎዬን አምጣ፣ ሚስትህን ውሰድ» አሉኝና ይዘዋት ሄዱ። እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላቸው ስትከተል አንዴም ዞር ብላ አላየችኝም። እኔም በገንኩ። እንዲህ በቀላሉ ትሄዳለች ብዬ አላሰብኩም ነበርና ደህና ነሽ ወይ የምትል አንዲት ቃል እንኳ ላልልክባት ማልኩ። በቅሎዋን አስመልሼ፣ በበቅሎዋ ላይ ተቀምጬ፣ ደረቴን ነፍቼ ልወስዳት ነው ሐሳቤ። ቤቱ ግን ባዶውን ሲቀር በጣም ያስጠላ ነበር። በሶዬን ብቻዬን እየበጠበጥኩ ስጠጣ አልቅሼ አውቃለሁ።

በየቀኑ የጦር ሰፈሩ በር ላይ እየሄድኩ መገተር ጀመርኩ። በቅሎዋ ለአንድ ካፒቴን ደርሳ እሱ ይቀመጥባት ነበር። አማርኛውን ከየት እንደለቃቀመው አላውቅም፤ የተሰባበረ ቢሆንም ያግባባል። አንቱታ የሚባለው ነገር ብቻ አልደረሰበትም፤ ሽበታሙንም ሕፃኑንም አንተ ነው የሚል። ለሰፈሩ ውሃ የሚቀዳ አንድ ሰውዬ «ይህ ሰው ሌላ አመል የለበትም፣ ዓሣ ብቻ ነው የሚያሳብደው» ብሎ ሹክ አለኝ። እኔም በማግስቱ ካፒቴኑ ከበር ሲወጣ ጠብቄ እጅ ነሣሁና «ጌታዬ፣ ትልልቅ ዓሣ ያለበትን ውሃ አውቃለሁ» አልኩት።

ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። እኔ ዓሣ ያየሁት በደብራችን ግድግዳ ላይ፣ ሐዋርያት መረብ ሲጎትቱ ከተሳለው ሥዕል ነው። እሱንም ቢሆን ሠዓሊው እንደኔው ደገኛ ኖሮ፣ ለዓሣዎቹ በሙሉ ጆሮ አውጥቶላቸዋል።

ካፒቴኑ ፊቱ በራ። እዚያው እንደቆመ ስለ አገሩ ይነግረኝ ጀመር። አገሩ እንደኛው ተራራና ብርድ ነው። በዚህ ወራት፣ ክረምታቸው ሲያልቅ፣ በሐይቁ ላይ የጋገረው በረዶ ይቀልጣል። ያን ጊዜ እሱና አባቱ ብቻቸውን፣ ሰው በማይደርስበት ሐይቅ ዳር ወዳለች የእንጨት ጎጆ ወጥተው ዓሣ ሲያጠምዱ ይሰነብታሉ። አገሬን ካየሁ አራት ዓመት ሆነኝ አለ፤ አባቴም አርጅቷል አለ። በመጨረሻ ውሉን ተናገረ፦ ሦስት ቀን ውሃ ዳር እንቆያለን፤ በዚህ በዘንጌ አንድ ትልቅ ዓሣ ከያዝኩ በቅሎዋን ይዘህ ሂድ፤ ካልያዝኩ ከሌሎቹ በቅሎዎች ጋር ጎንደር ትሄዳለች። ይህን ሲል ቀጭን ዘንጉን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። እኔ ዘንጉን እንደ ከዘራ ቆጥሬ አለፍኩት፤ ልቤ በቅሎዋ ላይ ነበር።

ለአማቴ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ዓሣ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«በቅሎም አታውቅም» አሉና ጋቢያቸውን አነሱ። «አብሬህ እሄዳለሁ። ጎረቤት ከጠየቀህ ወንዛዬ ጠበል ልንጠመቅ ነው በል። ለጣሊያን ዓሣ ልንይዝ ነው ከምንል በጾም ብንዋሽ ይሻላል።»

ሁለት ቀን ወረድን። ካፒቴኑ በበቅሎዋ ላይ ነው፣ አራት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ ሐበሻ ወታደሮች፣ ጠመንጃ ይዘው ግራና ቀኝ ናቸው፣ አማቴ ከገዛ በቅሏቸው ጭራ ኋላ በእግራቸው ይከተላሉ፤ እኔ ከሁሉ ኋላ ነኝ። አማቴ የካፒቴኑ የተሰባበረ አማርኛ ስለማይገባቸው፣ ሁሉን አንተ ከሚል ሰው ጋርም በቀጥታ ስለማይነጋገሩ፣ ነገሩ ሁሉ በኔ በኩል ነው። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር «ልጓሙን አይሳብባት በለው» ይሉኛል። እነግረዋለሁ። ትንሽ ሄደን ደግሞ «ወደ ኋላ ይለጠጥላት በለው።» እነግረዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ካፒቴኑ ዞረና «ይህ ሽማግሌ የበቅሎ ጄኔራል ነው?» አለኝ። ምን አለ ሲሉኝ «አመሰገንዎት» አልኳቸው። «አንቱ እንዳላለኝ ሰምቻለሁ፤ አሳዳጊ የበደለው» አሉኝ።

ጉማራ ወንዝ ጣና ከመግባቱ በፊት በበጋ ይሳሳና እዚህም እዚያም ጥልቅ ጥልቅ ኩሬ ይሠራል። ከአንደኛው ኩሬ ዳር፣ ባሕሩ ወለል ብሎ ከሚታይበት ቦታ ላይ፣ የከብት ጠባቂዎች በበጋ የሚያድሩባት አንዲት የሣር ጎጆ ነበረች። እኔ በዕድሌ ተመርቼ «ቦታው ይህ ነው» አልኩ። ካፒቴኑ ጎጆዋን ዞሮ ዞሮ አያትና «የአባቴን ትመስላለች» አለ። የአባቱ ጎጆ የእንጨት፣ ይህቺ ግን የሣር መሆኗን ልብ አላለም፤ ሰው ሲናፍቅ እንዲህ ነው።

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። እኛ ሥራ ብንለውም ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከዶሮ ላባ ትንሽ ቆርጦ በክር ይጠመጥማትና መንጠቆ ላይ ያስራታል፤ ይህቺ ዝንብ ናት ይላል። ከዚያ ጭኑ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ እያወናጨፈ ዝንቢቱን ውሃው ላይ ያሳርፋታል። ያነሣታል። ደግሞ ያሳርፋታል። ፀሐይ እስክትጠልቅ።

አማቴ ከዋርካ ሥር ተቀምጠው ግማሽ ቀን አዩትና «ዓሣ ቢሞኝ ቢሞኝ ላባ ይበላል?» አሉ።

ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ ሞኝ በላ። መዳፍ የምታህል ዓሣ ናት። ካፒቴኑ እየሳቀ መንጠቆውን ከአፏ ቀስ ብሎ አወጣ፣ በሁለት እጁ ይዞ አንድ ነገር አላት፣ ውሃው ውስጥ መልሶ ለቀቃት። አማቴ ብድግ አሉ። በሕይወቴ እንዲያ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም።

«ጣላት?»

«ትንሽ ናት፤ ትደግ ነው የሚል።»

«እግዜር የሰጠውን መልሶ ለእግዜር ይጥልበታል? ይህ ሰው የተራበ አይደለም፤ የታመመ ነው።»

እዚያ ላይ ነበር ነገሩ ሊገባን የሚገባ። አልገባንም።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። እኔና አማቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን በሶአችንን ስንፈታ፣ ካፒቴኑ ዓርብ ነውና ሥጋ አልበላም፣ እኔም ጾመኛ ነኝ ብሎ አንድ ቆርቆሮ ከፈተ። በውስጡ ትንንሽ ዓሣዎች በዘይት ተደርድረው ተኝተዋል። ለአማቴም አንድ ዘረጋላቸው።

«ጾም ስለሆነ ዓሣ ይበላል?» አሉኝ አማቴ።

«አዎን።»

«እኛ ጾም ስለሆነ አንበላም በለው።»

ነገርኩት። ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም አለ። አማቴ አሰቡበትና «እናት አለው?» ብለህ ጠይቀው አሉኝ። ካፒቴኑ አዎ፣ እናትማ አለው አለ። «እናት ያለው ነገር በሁዳዴ አይበላም፤ ጨርሰናል» አሉና በሶአቸውን ጠጡ። ካፒቴኑ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ የክርክሩ መጥፎ አስተርጓሚ ብሆንም አማቴን ያን ቀን ወደድኳቸው።

ሁለተኛው ቀን ምንም የለም። ውሃው ፀጥ፤ ካፒቴኑ ዝንቢቱን ያሳርፋታል፣ ያነሣታል። በየሰዓቱ ሚስቴን አስባታለሁ፤ ነገ ካልተያዘ በቅሎዋ ጎንደር፣ እኔ በባዶ ቤቴ። በቅሎዋ ከዛፍ ታስራ ሣር ስትግጥ አማቴ በየጊዜው እየሄዱ ያናግሯታል። ማታ ላይ ካፒቴኑ ራሱ «ነገ የመጨረሻ ነው» አለን፤ ፊቱን ሳየው እኔ ለሚስቴ እንደተጨነቅኩት እሱም ለዓሣው ተጨንቋል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ አማቴ የሉም። ወንዙን ሽቅብ ተከትዬ ብሄድ ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ተንበርክከው የደረቀ ፍሬ ይወቅጣሉ። ብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ የረጋ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ ያሰክራል፤ የወንዝ ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አማቴ ደግሞ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ሲይዛቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ይመላለሱ ስለነበር እዚያ አይተውታል።

«ካፒቴኑ ምን ይላል?» አልኳቸው።

«ዓሣ አምጣ አለ እንጂ በዚህ አምጣ፣ በዚያ አምጣ አላለም።»

ብሎ ነበር። ዘንጉን ከፍ አድርጎ ብሎኝ ነበር። ለአማቴ ግን ስነግራቸው ይህቺን ዘልያታለሁ፤ ያኔም ትዝ አላለችኝም። ለኛ አገር ሰው ዓሣ ዓሣ ነው፤ በመረብ መጣ፣ በጦር መጣ፣ በጸሎት መጣ፣ ያው ዓሣ ነው። እንዲያውም ብልሃቱ አኮራኝና ቁጭ ብዬ አብሬ ወቀጥኩ። በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረን ወስደን፣ ከኩሬው ራስጌ፣ ካፒቴኑ ሳያየን በተንን።

እኛ ዋርካው ሥር ተመልሰን ስንቀመጥ ካፒቴኑ ውሃው ውስጥ ነበር። ብዙም አልቆየ፣ ከፊቱ አንድ ክንድ የሚያህል ዓሣ ብቅ አለ። ካፒቴኑ እንዳንነቃነቅ በእጁ ምልክት ሰጠን። ዝንቢቱን ከአፉ አጠገብ አሳረፈለት። ዓሣው ዝንቢቱን አለፋት፣ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን አዘነበለ፣ ከዚያ ነጭ ሆዱን ገልብጦ ተንጋለለ። ካፒቴኑ ገና ይህን እያየ ሌላ መጣ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ ቀኝም ግራም፣ ከኋላውም ሳይቀር፣ ትንሹም ትልቁም እየተገለበጠ ይወጣ ጀመር፤ ሰውየው በዓሣ መሐል ዘንጉን ይዞ ቆሞ ቀረ።

አማቴ ጊዜ አላጠፉም። ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡና በጋቢያቸው እያፈሱ ወደ ዳር ማውጣት ያዙ። ትልቁን መርጠው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ለካፒቴኑ አቀረቡለት። ሰውን እንዲያ ሲያከብሩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ይኸው፣ አንድ ነበር የጠየቀ፤ እግዜር አብዝቶ ሰጠው በልልኝ» አሉ።

ካፒቴኑ ዓሣውን አልተቀበለም። «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። እኔ ጅሉ ደረቴን ነፍቼ የብርብራን ጥበብ ከወቀጣው እስከ ብተናው አስረዳሁት። ይቆጣል ብዬ ሳይሆን ይሸልመናል ብዬ ነበር። እሱ ክሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለና ከውሃው ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ዓሣ አጥቼ አይደለም» አለ። «ዓሣው እምቢ ይላል። እኔ እለምነዋለሁ። ደግሞ እምቢ ይላል። አንድ ቀን ወዶ ይመጣል፤ ወይም አይመጣም። እምቢ ማለት የማይችል ዓሣ ለኔ ምን ያደርግልኛል?»

ለአማቴ ተረጎምኩላቸው። ዓሣውን ድንጋይ ላይ አኖሩና፣ «አንድ ነገር ብንበድለው ነው እንጂ እንዲህ አያዝንም» አሉኝ።

እኔ ግን መከራከር አላቆምኩም። ዓሣ ተባለ፣ ይኸው ዓሣ፤ ውል ውል ነው፤ በቅሎዋ ትሰጠን አልኩ። እሱም ዘንጉን አነሣና ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ዓሣውን አስካሪዎቹ ወሰዱት። ካፒቴኑ አልቀምስም አለ፤ እኛም አንቀምስም። ከሦስቱ ቀን አንድ ዓይነት ጾም የጾምነው በዚያ ቀን ነው።

በቅሎዋን ሲጭኗት አማቴ ተጠጉና በኔ አፍ ለካፒቴኑ ተናገሩ። ገብስ ስትሰጧት ጨው ነካ አድርጉባት፤ የግራ ጆሮዋን መነካት አትወድም፤ ስትጠጣ አታጣድፏት። አንድ በአንድ ተረጎምኩ። ካፒቴኑ ሁሉንም በወረቀት ጻፈ፤ ያንን አልረሳለትም። ከዚያ በቅሎዋ ወደ ሰሜን፣ እኛ ወደ ምሥራቅ።

ዳገቱን ስንወጣ አማቴ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ቤታቸው ሊታይ ሲል ቆሙና «እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«በቅሎዋን። አንተ ሰጠሃት፤ ትመለስ ነበር። በብርብራው የጨረስኳት እኔ ነኝ።»

ዘንጉን እንዳልነገርኳቸው ልናገር አፌን ከፈትኩ። ፈራሁና ዘጋሁት። እስከ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ሚስቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። ቀና ብላ አየችንና እንዝርቷን አላቆመችም።

«ባልሽ መጥቷል፤ ልብስሽን ያዢና ሂጂ» አሏት አባቷ።

«በቅሎዋስ?»

«ጎንደር ሄደች።»

«ማን አጠፋት?»

«እኔ።»

«እንግዲህ መያዣዋ እኔ ከሆንኩ፣ በቅሎዋንም ያጠፉት አንቱው ከሆኑ፣ አሁን ማን ማንን ነው የሚወስድ?» አለች። ወደኔ ዞረች።

«አንተስ? ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል ላክህብኝ?»

«በቅሎዋን ስፈልግ ነበር።»

«አገኘሃት?»

«አላገኘሁም።»

«እኔን ብትፈልግ ታገኝ ነበር። አንድ ኮረብታ ነው።»

መሬት መሬት አየሁ። አማቴም መሬት መሬት ያያሉ። እሷ ፈትሏን እየሳበች ቀጠለች፦ «ጊደር አይደለሁም፣ ሂጂ ስባል የምሄድ፣ ተመለሽ ስባል የምመለስ። የሚፈልገኝ ካለ በወጉ ሽማግሌ ይላክ። ለአባቴ አይደለም፤ ለኔ።»

«በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ከየት ላምጣ?» አልኳት።

«አጠገብህ ያሉት ምናቸው ነው፣ ወጣት ናቸው?»

አማቴን አየሁ። ይቆጣሉ፣ ዱላ ያነሣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አራገፉ፣ ከብርብራው ጋር አብሮ የተቋጠረውን አቧራ ሁሉ፤ በወግ ለበሱት፣ በትራቸውን ያዙና ከገዛ ቤታቸው አጥር ውጭ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ከዚያ ተመልሰው ገቡና እንደ ባዕድ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሽማግሌ ደግሞ ተቀመጡ ካልተባለ አይቀመጥም። ሁለት ቀን ዳገት በወጣ ጉልበታቸው ቆሙ። እሷ ፈተለች። ሲቆሙ ሲቆሙ ልቤ ተነካ፤ ያሳዘኑኝ እሳቸው ናቸው ወይስ እኔ፣ አልለየሁትም።

«ልጅ ልንለምን መጥተናል» አሉ አማቴ።

«ምን ይዛችሁ መጣችሁ?»

እኚያ አንደበተ አጭር ሰው ወደኔ አዩ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው አዩ።

«ባዶ እጃችንን» አሉ።

እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ግቡና ተቀመጡ» አለች። «ይህንኑ ነበር የምጠብቅ።»